የቃጠሎ ቁስልና የእርሾ ባክቴሪያ፤ ጀርምን በጀርም የመመከት ሐሳብ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1882 ካርል ጌሳር የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሠራዊት ፋርማሲስት፣ ከቁስለኞች ላይ የተፈቱ ፋሻዎች ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም ይዘው የሚገኙበትን ምክንያት መርምሮ ውጤቱን ለኅትመት አበቃ። ቀለሙ ከጨርቁም ሆነ ከመድኃኒቱ የመጣ ሳይሆን፣ በመግሉ ውስጥ የሚራባ አንድ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ባክቴሪያ ዛሬ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ በመባል ይታወቃል። የስሙ ሁለተኛ ክፍል በመዳብ ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ዝገት ከሚያመለክት የላቲን ቃል የተገኘ ነው። ባክቴሪያው በአፈርና በውኃ ውስጥ፣ በቧንቧና በእጅ መታጠቢያ ገንዳ ላይ ሳይቀር ይኖራል። ቆዳው ጤነኛ የሆነውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ቆዳው በእሳት የተገፈፈውን ሰው ግን ከሚገድሉት ጠላቶች አንዱ ይኸው ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 180,000 የሚጠጉ ሰዎች በቃጠሎ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቷል፤ አብዛኞቹም የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከእሳቱ ተርፈው ሆስፒታል ከደረሱት መካከል የብዙዎቹን ሕይወት የሚቀጥፈው ዘግይቶ የሚመጣው የቁስል ምርቀዛ ነው። ይህን ለመከላከል ባለፉት 150 ዓመታት የተደረገው ጥረት ባመዛኙ በአንድ ሐሳብ የተመራ ነበር፤ ይኸውም ጀርሙን መግደል ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ሐሳብ ሲጓዝ ቆይቷል። ጎጂው ባክቴሪያ የሚሰፍርበትን ቦታ ጉዳት በማያደርስ ሌላ ባክቴሪያ አስቀድሞ ማስያዝ የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለተኛውን ሐሳብ አመጣጥ፣ የደረሰበትን ደረጃና የገጠመውን እንቅፋት መዘርዘር ነው። ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቆዳ ሲቃጠል

ቆዳ የሰውነት ልባስ ብቻ አይደለም። ውኃ እንዳይተን ይከላከላል፣ ሙቀትን ይቆጣጠራል፣ ጀርምም እንዳይገባ ይከለክላል። ሰፊ የቆዳ ክፍል ሲቃጠል ሦስቱም ተግባሮች በአንድ ጊዜ ይቋረጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ዋናው አደጋ የፈሳሽ መጥፋት ነው። ለረዥም ዘመን ብዙ ቁስለኞች የሚሞቱት በዚሁ ነበር። በ1968 ቻርልስ ባክስተርና ባልደረባው ቶም ሻየርስ በቴክሳስ ፓርክላንድ ሆስፒታል ያወጡት ስሌት ይህን ችግር በቁጥር ለመፍታት አስቻለ። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደትና ለእያንዳንዱ የተቃጠለ መቶኛ የቆዳ ስፋት 4 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓቶች ውስጥ መግባት አለበት። ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነና ከቆዳው 30 በመቶ የተቃጠለበት ሰው፣ በዚህ ስሌት መሠረት 7.2 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ፈሳሹን በመተካት የዳነው ቁስለኛ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለተኛውን አደጋ ይጋፈጣል። የተቃጠለው ሥጋ ሙት ነው፤ የደም ሥሮቹ ተዘግተዋል። በመሆኑም በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት በበቂ መጠን አይደርሰውም፤ ጀርም የሚያድኑት ነጭ የደም ሕዋሳትም በቀላሉ አያገኙትም። እርጥበት፣ ሙቀትና ምግብ ግን ሞልቶታል። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የቀዶ ሕክምና ምርምር ተቋም የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በአንድ ግራም ሥጋ ውስጥ የባክቴሪያው ቁጥር ከ100,000 ሲያልፍ ወደ ጤነኛው ሥጋና ወደ ደም የመዝለቁ ዕድል በእጅጉ ይጨምራል። ይህ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ለብዙ የቁስል ጥናቶች መለኪያ ሆኖ አገልግሏል።

የመግደል ዘዴና ወሰኑ

ጆሴፍ ሊስተር በ1867 በግላስጎ ካርቦሊክ አሲድን ለቁስል ማጠቢያነት መጠቀሙን ባስታወቀ ጊዜ፣ ጀርምን በኬሚካል የመግደል ዘመን ተከፈተ። ይሁን እንጂ የዘዴው ወሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግልጥ ሆነ። በቡሎኝ በተቋቋመው የእንግሊዝ ጦር ላቦራቶሪ ውስጥ በአልምሮት ራይት ሥር ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለመሐንዲስ ትኩረት የሚገባ አንድ ሙከራ አደረገ። የብርጭቆ ቱቦ በእሳት አለስልሶ፣ ከግድግዳው ላይ ብዙ ቀጫጭን ሹል ጉድጓዶች ወደ ውጭ እንዲወጡ አድርጎ የቁስል አምሳያ ሠራ። አምሳያውን ጀርም ባለበት ፈሳሽ ሞላው፤ ከዚያም ደፍቶ በጸረ-ጀርም ኬሚካል አጠበው። ኬሚካሉ ተደፍቶ ንጹሕ የምግብ ፈሳሽ ሲጨመርበት ጀርሞቹ እንደገና ፈሉ፤ በጉድጓዶቹ ጫፍ የተሸሸጉትን ኬሚካሉ አልደረሰባቸውም ነበርና። ከዚህም በላይ ኬሚካሎቹ ከጀርሞቹ ይልቅ የቁስለኛውን ነጭ የደም ሕዋሳት አስቀድመው እንደሚገድሉ ፍሌሚንግ አስረዳ።

ይኸው ሰው በ1928 ፔኒሲሊንን አገኘ። በኅዳር 1942 በቦስተን ከተማ በኮኮናት ግሮቭ የምሽት ክበብ ላይ ደርሶ 492 ሰዎችን በገደለው ቃጠሎ ከተረፉት መካከል፣ ገና በብዛት መመረት ያልጀመረው ይህ መድኃኒት የተሰጣቸው ነበሩ። ፔኒሲሊን ብዙ ሌሎች ጀርሞችን ሲያሸንፍ ጌሳር ያገኘውን ባክቴሪያ ግን አይነካውም። እንዲያውም ሌሎቹ ተወግደው ሜዳው ሲለቀቅለት ሱዶሞናስ በቃጠሎ ክፍሎች ውስጥ ይበልጥ እየገነነ ሄደ።

ስለዚህ ሐኪሞች ፊታቸውን በቀጥታ በቁስሉ ላይ ወደሚደረግ መድኃኒት መለሱ። ካርል ሞየርና ባልደረቦቹ በ1965 ፋሻን 0.5 በመቶ በሆነ የብር ናይትሬት ፈሳሽ የማራስን ዘዴ አስታወቁ። በ1968 ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ፎክስ ብርን ከሰልፋ መድኃኒት ጋር አዋሕዶ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የተባለውን ነጭ ቅባት አዘጋጀ። ቅባቱ ርካሽ፣ ለአያያዝ ቀላል፣ ሲቀባም ብዙ የማያሳምም ስለሆነ በመላው ዓለም ተሠራጨ። በዚያው ዘመን፣ በ1970፣ በዩጎዝላቪያ ማሪቦር ከተማ የምትሠራው ዶክተር ዞራ ያንዤኮቪች ሙቱን ሥጋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየላጡ አንሥቶ ወዲያው ጤነኛ ቆዳ የመትከልን ዘዴ አሳተመች። የጀርሙን መኖሪያ ራሱን ማስወገድ በመሆኑ ከሁሉም የላቀ ውጤት ያስገኘው ይህ ነው። ነገር ግን የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም፣ ማደንዘዣ፣ ደምና የተሟላ የቀዶ ሕክምና ክፍል ይጠይቃል። እነዚህ በሌሉበት አገር ቁስለኛው በቅባትና በፋሻ ላይ ጥገኛ ሆኖ ይቀራል።

ቅባቱም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። በ2013 የኮክሬን ማኅበር ባወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ በሲልቨር ሰልፋዳያዚን የታከሙ ጥልቀት የሌላቸው ቃጠሎዎች በሌሎች የቁስል መሸፈኛዎች ከታከሙት ይልቅ ዘግይተው የመዳን ዝንባሌ እንዳላቸው ተገልጧል። አንቲባዮቲኮችን የሚቋቋሙ የሱዶሞናስ ዝርያዎችም በዝተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ የሚያስፈልጋቸውን ባክቴሪያዎች በዘረዘረ ጊዜ፣ ካርባፔነም የተባሉትን ጠንካራ መድኃኒቶች የሚቋቋመውን ሱዶሞናስ በመጀመሪያው ምድብ አስገብቶታል፤ በ2024 በተሻሻለው ዝርዝርም በሁለተኛው ምድብ ተቀምጧል።

ቦታን የማስያዝ ሐሳብ

ባክቴሪያ በባክቴሪያ ሊገታ እንደሚችል የታወቀው ከጌሳር ግኝት በፊት ነው። በ1877 ሉዊ ፓስተርና ዡል ዡቤር የአባ ሰንጋ ጀርም ከሌሎች ተራ ባክቴሪያዎች ጋር ሲደባለቅ እድገቱ እንደሚገታ አስተዋሉ። በ1885 በኔፕልስ አርናልዶ ካንታኒ ጉዳት የለውም ብሎ ያመነበትን ባክቴሪያ ለአንዲት የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ በማስተንፈስ ሞከረ። ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው ግን በፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ኢልያ ሜችኒኮቭ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርምን ውጠው እንደሚያጠፉ በማግኘቱ በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህ ሳይንቲስት፣ በእርጎ ውስጥ ያሉት ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች በአንጀት ውስጥ የሚያበሰብሱትን ባክቴሪያዎች ይገታሉ ብሎ ያስተምር ነበር። ስለ ዕድሜ መርዘም የሰጠው ተስፋ የተጋነነ ቢሆንም፣ ወተትን ከመበላሸት የሚጠብቀው አሲድ ለሕክምናም ሊውል ይችላል የሚለው መሠረታዊ አስተያየቱ ግን ሳይሞት ቆየ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የተደረገው ሙከራ የሐሳቡን ኀይልም አደጋም በአንድነት ያሳየ ነው። በዚያን ጊዜ በአራስ ክፍሎች ውስጥ ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ኀይለኛ የስታፊሎኮከስ ዝርያ ሕፃናትን ይጎዳ ነበር። ሄንሪ ሻይንፊልድና ባልደረቦቹ 502ኤ የተባለውንና ገር የሆነውን የዚያው ባክቴሪያ ዝርያ በአራሶቹ አፍንጫና እትብት ላይ አኖሩት። ከ1963 ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች እንደገለጡት፣ ቦታው አስቀድሞ በገሩ ዝርያ ስለተያዘ ኀይለኛው ሊሰፍርበት አልቻለም፤ ወረርሽኙም ተገታ። ኋላ ግን ገር የተባለው ዝርያ ራሱ ቁስል ማስከተሉ ታየ፤ በ1972 ደግሞ አንድ ሕፃን በዚሁ ባክቴሪያ የደም መመረዝ መሞቱ ተዘገበ። ሙከራውም ቀረ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ቦታ የማስያዝ ዘዴ ይሠራል፤ ተመርጦ የሚሰፍረው ባክቴሪያ ግን በሽታ ከሚያመጣ ወገን መሆን የለበትም።

የባክቴሪያ መነጋገሪያ

በ1970 ኬኔት ኒልሰን፣ ቴሪ ፕላትና ዉድላንድ ሄስቲንግስ በባሕር ውስጥ የሚኖሩ ብርሃን ሰጪ ባክቴሪያዎች ብርሃን የሚሰጡት ቁጥራቸው ሲበዛ ብቻ መሆኑን ገለጡ። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ትንሽ የኬሚካል ምልክት ይለቃል፤ ምልክቱ ተጠራቅሞ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሁሉም በአንድነት ሥራ ይጀምራሉ። ሱዶሞናስም ይህንኑ ያደርጋል። ጥቂት ሳለ አድፍጦ ይቆያል፤ ሲበዛ ሥጋን የሚያሟሙ ኤንዛይሞችን ያመነጫል። በ1998 የታተመ ጥናት ደግሞ በዚህ ምልክት አማካይነት ባክቴሪያው ባዮፊልም የተባለውን አተላ መሰል ሽፋን በሚገባ እንደሚያዋቅር አሳየ።

የቧንቧ ውስጥ አተላን ለሚያውቅ የውኃ መሐንዲስ የዚህ ትርጉም ቅርብ ነው። በቧንቧ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀው ሽፋን ሥር ያለውን ጀርም ክሎሪን በቀላሉ እንደማይደርስበት ሁሉ፣ በቁስል ላይ ባዮፊልም የሠራውን ሱዶሞናስም መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ከዚህ አዲስ ጥያቄ ተወለደ። ባክቴሪያውን ከመግደል ይልቅ መነጋገሪያውን ማቋረጥ አይቻልምን?

የቱኩማን ሙከራ

ለዚህ ጥያቄ በቃጠሎ ቁስል ላይ መልስ ከፈለጉት መካከል ቀዳሚዎቹ በሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና በሳን ሚጌል ደ ቱኩማን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። በዚህች ከተማ በ1976 የላክቶባሲለስ ባክቴሪያዎች የምርምር ማእከል ተቋቁሞ ነበርና ስለ እርጎና ስለ አይብ ባክቴሪያዎች የተከማቸ እውቀት ነበር። የዓለም የእርሻና ምግብ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2001 ተሰብስበው ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲሰጥ ለተቀባዩ የጤና ጥቅም የሚያስገኝ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ ነው የሚለውን ፍቺ ያወጡትም በዚያችው አገር በኮርዶባ ከተማ ነው።

ሁዋን ካርሎስ ቫልዴስና ባልደረቦቹ የመረጡት ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለውን ነው። ይህ ባክቴሪያ በጎመን፣ በወይራና በሌሎች አትክልቶች መብላላት ጊዜ የሚራባና አሲድ የሚያመነጭ ነው። በ2020 በተደረገው የስም ማስተካከያ ላክቲፕላንቲባሲለስ ፕላንታረም ተብሏል። ተመራማሪዎቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት መጀመሪያ በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ ከሱዶሞናስ ጋር አገናኙት። ባክቴሪያው ካደገበት ፈሳሽ ጋርም ሆነ ተጣርቶ የተወሰደው ፈሳሽ ብቻውን የሱዶሞናስን የመነጋገሪያ ምልክት፣ ሥጋ የሚያሟማውን ኤንዛይምና ባዮፊልሙን ቀነሱ። ቀጥሎም ቆዳቸው ተቃጥሎ በሱዶሞናስ በተበከሉ አይጦች ላይ ሞከሩት። ፕላንታረም የተደረገላቸው አይጦች ቁስል ላይ ሱዶሞናስ ሊሰፍር አልቻለም። ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሙን የመዋጥ ኀይላቸው ጨመረ፤ የሥጋው ጥገናም ተሻሻለ። ሜችኒኮቭ በየፊናቸው ያስተማራቸው ሁለቱ ነገሮች፣ የእርጎ ባክቴሪያና ጀርም ዋጭ ሕዋስ፣ በአንድ ቁስል ላይ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

በ2009 ማሪያ ሴሲልያ ፔራል፣ ቫልዴስና ባልደረባቸው በ80 የቃጠሎ ሕመምተኞች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ የደረሰባቸው፣ ቁስላቸው ያመረቀዘና ያላመረቀዘ ሕመምተኞች በቡድን ተከፍለው፣ ከፊሎቹ በፕላንታረም ከፊሎቹ በሲልቨር ሰልፋዳያዚን ታከሙ። የተለካውም ሦስት ነገር ነበር፤ የባክቴሪያው ቁጥር በአንድ ግራም ከ100,000 በታች መውረዱ፣ አዲስ ሥጋ መሙላቱና ቁስሉ መዳኑ። በአጠቃላይ የሁለቱ ሕክምናዎች ውጤት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹም የሕመምተኞቹ ቁጥር ጥቂት መሆኑን ሳይሸሽጉ፣ ዘዴው አማራጭ ሊሆን እንደሚችል ደመደሙ።

ከቅባቱ ጋር ተቀራራቢ መሆን ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በባክቴሪያ መቋቋም ምክንያት መድኃኒት እያረጀ በሚሄድበት ዘመን፣ በሌላ መንገድ የሚሠራ እኩያ ማግኘት ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። በ2016 እና በ2017 በአሜሪካ የታተሙ ሌሎች ጥናቶችም የቱኩማኑን ውጤት በእንስሳት ላይ ደግፈዋል። በአይጦች ላይ በተደረገው፣ ፕላንታረም አስቀድሞ የተደረገላቸው ከደም መመረዝ ሞት የበለጠ ተርፈዋል፤ በጥንቸሎች ላይ በተደረገው ደግሞ ጠባሳው ቀንሷል።

ጥርጣሬና ጥንቃቄ

እነዚህ ውጤቶች ቢገኙም ዘዴው በቃጠሎ ሕክምና ማእከሎች የተለመደ አሠራር አልሆነም። ከምክንያቶቹ አንዱ በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ጥቂትና አነስተኛ መሆኑ ነው። ሌላው ምክንያት ይበልጥ ከባድ ነው። ሕያው ባክቴሪያ ክፉኛ ለታመመ ሰው መስጠት ሊያስከትል የሚችለው አደጋ በ2008 ከሆላንድ በወጣ ጥናት በግልጥ ታይቷል። በከባድ የጣፊያ መቆጣት የታመሙ 296 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ከፊሎቹ የስድስት ፕሮባዮቲክ ዝርያዎች ድብልቅ በቀጭን ቱቦ ወደ አንጀታቸው ተሰጣቸው። ፕሮባዮቲኩን ከወሰዱት 152 ሰዎች 24ቱ ሲሞቱ፣ ካልወሰዱት 144 ሰዎች የሞቱት 9 ብቻ ነበሩ። አንጀትና ቁስል አንድ አይደሉም፤ የተሰጠውም ባክቴሪያ ሌላ ነበር። ሆኖም በምግብ ላይ ገር የሆነ ነገር በታመመ አካል ውስጥም ገር ይሆናል ብሎ አስቀድሞ ማመን እንደማይገባ የ502ኤም የሆላንዱም ታሪክ ያስጠነቅቃሉ።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ፕላንታረም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከእንሰት በሚዘጋጀው ቆጮ መብላላት ውስጥ ከሚገኙት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አንዱ እርሱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን እርሾ፣ እርጎ ወይም ቆጮ በቁስል ላይ ይደረግ የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ፍጹም ስሕተትና አደገኛ ነው። በቤት ውስጥ እርሾ ዘንድ ማንነታቸው ያልተለየ ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን በአንድነት ይኖራሉ። በቱኩማን ቁስል ላይ የተደረገው ግን በታወቀ የላቦራቶሪ ምግብ ላይ ያደገና ከሌላው ተለይቶ የታወቀ አንድ ዝርያ ነበር። በቃጠሎ የተጎዳ ሰው መሄድ ያለበት ወደ ሕክምና ተቋም ነው።

በቆጮውና በመድኃኒቱ መካከል ያለው ርቀት የሚለካው በምሕንድስና ሥራ ነው። ንጹሕ ዝርያን ሳይበከል በማብላያ ገንዳ ማሳደግ፣ ሕያዋኑን መቁጠር፣ በቅዝቃዜ አድርቆ ሳይሞቱ ለወራት ማቆየት፣ ከፋብሪካ እስከ ሕመምተኛው አልጋ ድረስ ሙቀቱን መጠበቅ፣ መድኃኒትን የመቋቋም ባሕርይ ለሌላ ባክቴሪያ የማያስተላልፍ መሆኑን በምርመራ ማረጋገጥ፣ እያንዳንዳቸው የኬሚካል፣ የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ ባለሙያን የሚጠይቁ ናቸው። አንድ ሺህኛው ጠርሙስ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢፈልግ ሊጠቀምበት አይችልም።

ጌሳር የፋሻውን ቀለም ካጠና ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፍሌሚንግ በብርጭቆ አምሳያው ያሳየው ችግር፣ ማለትም ኬሚካል የማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ የተሸሸገ ጀርም፣ ዛሬም በእያንዳንዱ የቃጠሎ ክፍል ይገኛል። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚኖርና የሚሠራ ሌላ ሕይወት የማስገባት ሐሳብ በእንስሳትና በጥቂት ሰዎች ላይ ተፈትኖ ተስፋ ሰጥቷል። ተስፋውን የሚያጸናው ወይም የሚሽረው በብዙ ሕመምተኞች ላይ በጥንቃቄ የሚደረግ ሙከራ ነው። ሙከራው እንዲደረግ ደግሞ አስቀድሞ የሚታመንበት ምርት መኖር አለበት። ያን ምርት ማዘጋጀት ከሐኪሙ ጋር የመሐንዲሱም ኀላፊነት ነው።